አዲሱን ካርድ የገጠምኩበት ሐሙስ

ጌጃ ሰፈር ገብታችሁ «ኢንጂነሩ የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሰማያዊ በር ያላትን ጠባብ ሱቄን ያሳዩዋችኋል። ኢንጂነር ግን አይደለሁም። ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሬ ሦስተኛውን ሳልጨርስ የወጣሁ፣ የቀረውን የሰው ኮምፒዩተር እየፈታታሁ የተማርኩ ሰው ነኝ። ስሙን ያወጣልኝ ሰፈሩ ነው። እኔም አላረምኳቸውም፤ እንዲያውም ሳልደብቅ ልንገራችሁና፣ ስጠራበት ደስ ይለኝ ነበር።

የዚያን ጊዜውን ቴዎድሮስ ለማወቅ አንድ ነገር ብቻ ብነግራችሁ ይበቃል። ደንበኛ መጥቶ «ኮምፒዩተሬ ስነካው ይነዝረኛል» ሲለኝ ቀና ብዬ እንኳ አላየውም ነበር። «ነጠላ ጫማ አድርግ» እለዋለሁ፣ አለቀ። የሰፈራችን የድሮ ቤቶች ሶኬት ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት፣ ግራውንድ የሚባለው ሦስተኛ ሽቦ የላቸውም። ስለዚህ የሁሉም ሰው ኮምፒዩተር ትንሽ ትንሽ ይነዝራል፣ ፍሪጁም ይነዝራል። ሰዉ ለምዶት የላስቲክ ነጠላ ጫማውን አጥልቆ ሥራውን ይሠራል። እኔም በቀን አምስቴ እየነዘረኝ ስለምውል እንደ ዝንብ ነበር የምቆጥረው።

ሐያት የጋሽ ሰይድ ልጅ ናት። ጋሽ ሰይድ ከወሎ መጥተው ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚሁ ሰፈር ቁም ሣጥንና አልጋ ሲሠሩ የኖሩ አናጺ ናቸው። ባለቤታቸው ሐያትን በአራት ዓመቷ ጥለዋት ስለሞቱ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ቤታቸው ከሱቄ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ልጅ ሆኜ በኢድ ቀን ጠግቤ የምወጣው ከእነሱ ቤት ነበር፤ እናቴም በፋሲካ ዳቦ ስትቆርስ የመጀመሪያውን ቁራሽ የምታስቀምጠው ለሐያት ነው።

ሐያት አርክቴክቸር ተምራለች። ያልተሠራ ቤት እንደተሠራ አስመስላ፣ ከነመጋረጃው፣ በመስኮቱ ከሚገባው ፀሐይ ጋር፣ በኮምፒዩተር ትሥላለች። አንድ የቤት ገንቢ ድርጅት የአንድ ሕንፃ ሥዕሎችን በሙከራ ሰጥቷት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አስረክባ ከወደዱት በቋሚነት ሊቀጥሯት ነው። ችግሩ ኮምፒዩተሯ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አባቷ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ላይ የገዙላት፣ ደብዳቤ ሲጻፍበት የኖረ አሮጌ ዴስክቶፕ ነበር። አንድ ሥዕል ለማውጣት ሌሊቱን ሙሉ ያቃስትና ንጋት ላይ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ዱባይ ያለ አጎቷ ይህን ሰምቶ የሥዕሉን ሥራ የሚያፈጥን ግራፊክስ ካርድ ላከላት።

ረቡዕ ከሰዓት ሣጥኑን በሁለት እጇ አቅፋ ሱቄ መጣች።

«ቴዲ፣ መጣልኝ!»

ከፍቼ አየሁት። ሦስት ማራገቢያ ያለው፣ ከክንዴ ብዙም የማያጥር ጉድ ነው።

«ይሄ ካርድ ነው ብሎኬት?» አልኳት።

«አትቀልድ በናትህ። ቅዳሜ ጠዋት ነው የማስረክበው። የኔ ኮምፒዩተር ላይ ይገባል አይገባም?»

«ኢንጂነር ፊት ቆመሽ ይገባል አይገባም ትያለሽ? ባይገባም ይገባል!»

እንዲህ ነበርኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቤታቸው ሄድኩ። እንደ ሁልጊዜው ጫማዬን በር ላይ አውልቄ በካልሲ ገባሁ። ኮምፒዩተሩ ያለው ጋሽ ሰይድ በሚሰግዱባት ክፍል ውስጥ ነው። ወለሉ በሙሉ ምንጣፍ ነው፤ ማንም ሰው በጫማ አይረግጠውም። ኬዙን፣ የኮምፒዩተሩን የብረት ሣጥን፣ ከፍቼ ስለካው ካርዱ በአራት ጣት ያህል ይበልጠዋል። የሃርድ ዲስኩን መደርደሪያ ነቅዬ ቦታ አበጀሁለት። ገባ። ለካ ደግሞ ሁሉ ነገር የሚሰካበት ማዘርቦርድ አሮጌ ስለሆነ ካርዱን አያውቀውም። ባዮሱን፣ የማዘርቦርዱን መነሻ ፕሮግራም፣ ማደስ ነበረብኝ፤ እሱ በሚታደስበት ሰዓት መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሞተ ማለት ነው። ሐያት አምፖሉ ላይ አፍጥጣ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አየኋት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዱዓ ነዋ! አንተ ሥራህን ሥራ።»

መብራቱ አንዴ ድርግም ሊል ቃጣውና ተወው። ታደሰ። ሁለታችንም በእፎይታ ሳቅን።

የቀረው ፓወር ሰፕላዩ፣ ከሶኬቱ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ለኮምፒዩተሩ የሚያከፋፍለው ሣጥን ነበር። ኮምፒዩተሩ ከቢሮው ይዞት የመጣው ለዚያ ካርድ የሚሆን ጉልበት የለውም፤ ካርዱ የሚሰካበት ገመድም የለውም። «አንድ ሰዓት ስጪኝ» ብያት ወደ ሱቄ ተመለስኩ። መደርደሪያዬ ላይ ከሞተ ኮምፒዩተር የነቀልኩት ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ነበረኝ። ማራገቢያው ብቻ ይንጫረራል። ክዳኑን ከፍቼ ማራገቢያውን በሌላ ቀየርኩት። አዲሱ ትንሽ ወፈር ስለሚል ውስጥ ያሉትን ሽቦዎች ወደ ጎን ገፋ ገፋ አደረግኋቸው። ክዳኑን ስመልሰው አልገጥም አለ። በዚህ መሀል ስልኬ ጠራ፤ ሐያት ናት።

«ኢንጂነር፣ የት ደረስክ?»

«ጨርሻለሁ፣ መጣሁ!» አልኩና ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ክዳኑን በመዳፌ ጫን አድርጌ አራቱን ብሎን አሰርኩ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ገጥሜ አበራሁት። ሦስቱም ማራገቢያዎች ዞሩ። ስክሪኑ ላይ የካርዱ ስም ሲመጣ ሐያት እልል አለች። ካርዱ ወፍራም ስለሆነ የኬዙ የጎን መክደኛ አልዘጋ አለኝ፤ «ከቅዳሜ በኋላ አስተካክለዋለሁ» ብዬ ክፍቱን ተውኩት። እቃዬን ስሰበስብ ክንዴ የኬዙን ጠርዝ ነካና ነዘረኝ። እጄን ሰብሰብ አደረግሁ።

«ነዘረህ እንዴ?»

«ያው ነው፣ የተለመደው ነው። ስትሠሪ ነጠላ ጫማ አድርጊ። ለጋሽ ሰይድም ንገሪያቸው።»

ሐያት ሳቀች። በደስታ የሳቀች ነበር የመሰለኝ። በር ላይ ጫማዬን አጥልቄ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያየኝ ቀስ ብዬ እየተራመድኩ ወደ ሱቄ ሄድኩ። በዚያ ቀን ከእኔ የበለጠ ሰው በልደታ ያለ አልመሰለኝም።

አሥር ሰዓት ገደማ ላይ ነው ጩኸቱን የሰማሁት።

«ኧረ ሰው! ኧረ የሰው ያለህ! አባዬን!»

የሐያት ድምፅ ነው። የያዝኩትን ጥዬ ሮጥኩ። ያቺ ሠላሳ እርምጃ አላልቅ አለችኝ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጋሽ ሰይድ በጉልበታቸው ተንበርክከዋል። ቀኝ እጃቸው የኬዙን ክፍት ጠርዝ ጨብጦ አልለቅ ብሏል። መላ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል፤ አንገታቸው ወደ ኋላ ተወጥሯል። ዓይናቸው ያያል ግን እኔን አያይም። ሐያት ልታላቅቃቸው ስትነካቸው ወርውሯት ግድግዳው ሥር ወድቃ ትጮኻለች። ስክሪኑ ላይ የአንድ ሳሎን ሥዕል ፏ ብሎ በርቷል። ሥዕሉ ውስጥ ያለው ቁም ሣጥን ጋሽ ሰይድ የሚሠሩት ዓይነት ነበር።

ክው አልኩ። አንድ ሰከንድ ይሁን አምስት አላውቅም፣ ደርቄ ቆምኩ። ከዚያ የኮምፒዩተሩ ገመድ የተሰካበት ማከፋፈያ በር አጠገብ መሆኑ ትዝ አለኝና ገመዱን መንጭቄ ነቀልኩት። ጋሽ ሰይድ እንደ ጆንያ በጎናቸው ወደቁ፤ ኮምፒዩተሩም ተከትሏቸው ወረደ። እግራቸው ባዶ ነው። ውዱእ አድርገው ስለመጡ ውኃው ከእግራቸው ገና አልደረቀም። ምንጣፉ ላይ እርጥብ የእግር ኮቴያቸው ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ተደርድሯል።

«አባዬ! አባዬ ተናገር!»

አይተነፍሱም።

ጎረቤታችን ሲስተር አልማዝ፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፣ ጩኸቱን ሰምተው እየሮጡ ገቡ። የጋሽ ሰይድን አንገት ዳሰሱ፣ ጆሯቸውን አፍንጫቸው ላይ ደቀኑና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልባቸው ቆሟል። አንተ! ምን ቆመህ ታያለህ? ና ተንበርከክ!»

«ሲስተር፣ እኔ አልችልም…»

«ትችላለህ! መዳፍህን እዚህ አድርግ። በሁለት እጅ። ክንድህን አታጥፍ። ተጫን! ጠንከር አድርገህ ተጫን፣ አትሳሳላቸው!»

እንደ ልጃቸው ያዩኝን ሰው ደረት በሁለት እጄ ተጫንኩ። እጄ ሥር የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ አጥንታቸው ነው። ልተወው ስል ሲስተር አልማዝ ጮኹብኝ። እሳቸው ይቆጥራሉ፣ እኔ እጫናለሁ፣ እሳቸው ይተነፍሱላቸዋል፣ እኔ እንደገና እጫናለሁ። ላቤ ጋሽ ሰይድ ፊት ላይ ይንጠባጠባል። ሐያት የአባቷን እርጥብ እግር አቅፋ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ትላለች። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። በመጨረሻ ጋሽ ሰይድ ጉሮሯቸው ውስጥ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ አወጡና ደረታቸው በራሱ ከፍ አለ።

«መጣ! መኪና! መኪና አምጡ!» አሉ ሲስተር።

በጎረቤት ሚኒባስ ሆስፒታል አደረስናቸው። ወደ ውስጥ ይዘዋቸው ገቡና እኛ መተላለፊያው ላይ ቀረን። ብዙ ቆይቶ አንድ ሐኪም ወጣ።

«ልባቸው እየሠራ ነው። ግን አልነቁም። ይነቃሉ አይነቁም አሁን መናገር አልችልም። ቀኝ እጃቸውም ተቃጥሏል። ምንድን ነው የያዛቸው?»

«ኮምፒዩተር» አለች ሐያት።

«ኮምፒዩተር?» ሐኪሙ አላመነም። «ኮምፒዩተር እንዲህ አያደርግም እኮ።»

እውነቱን ነው፤ የተለመደው ንዝረት እንዲህ አያደርግም። እኔ በቀን አምስቴ የሚነዝረኝ ሰው አውቀዋለሁ።

ሐያት መታወቂያቸውንና ጋቢ እንዳመጣላት ቤት ላከችኝ። ገባሁ። ኮምፒዩተሩ ምንጣፉ ላይ በጎኑ ተኝቷል። መታወቂያውን ከልብሳቸው ኪስ አወጣሁ፣ ጋቢውን አጣጥፌ ያዝኩ። ልወጣ ስል አልቻልኩም። ተመልሼ ፓወር ሰፕላዩን ነቀልኩትና ሱቄ ወስጄ በሩን ከውስጥ ዘጋሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። አራቱን ብሎን ፈታሁ።

ክዳኑ ሲነሳ አየሁት። ከሶኬቱ ቀጥታ የሚመጣው ወፍራም ሽቦ በክዳኑ ጠርዝና በራሱ በሣጥኑ ብረት መካከል ተጨፍልቋል። ጠዋት በመዳፌ ጫን ያልኩት እሱን ነው። ስገጥመው የላስቲክ ሽፋኑ ገና አልተበጠሰም ነበር፤ ለዚህ ነው ትንሽ ብቻ የነዘረኝ። ካርዱ ለአራት ሰዓት ያህል በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ፓወር ሰፕላዩ ጋለ፣ ላስቲኩ ለሰለሰ፣ ተበጠሰ። መዳቡ ብረቱን ነካ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ኬዙ በሙሉ ከግድግዳው ሶኬት ጋር አንድ ነበር። ሐያት የምትነካው ኪቦርዱንና ማውሱን ስለሆነ አላወቀችም። ግራውንድ ቢኖር ኖሮ ቆጣሪው ወዲያው ይዘጋ ነበር። ግራውንድ የለም። ነጠላ ጫማ ነው ያለው።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ሐሳቤ ምን እንደነበር ልንገራችሁ? ስለ ጋሽ ሰይድ አልነበረም። «ማን አይቷል?» የሚል ነበር። ማንም አላየም። ፓወር ሰፕላዩን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት። ጋቢውን ብብቴ ሥር ይዤ ወደ ሆስፒታል ተመለስኩ።

ሐያት ወንበሩ ላይ ተኮራምታ አገኘኋት። ጋቢውን አለበስኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለችኝ።

«አልሞቱም እኮ፣ ሐያትዬ።»

«ነግረኸኝ ነበር። ነጠላ ጫማ አድርጉ ብለኸኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሳቅኩ። አባዬ የሚሰግድበት ምንጣፍ ላይ እንዴት ጫማ እናደርጋለን ብዬ ነው የሳቅኩት። ለሱም አልነገርኩትም። ከሥራው ላይ በስልክ ጠርቼ ‹ና ቁም ሣጥንህን ሥዬልሃለሁ እይ› ያልኩት እኔ ነኝ። መጥቶ ውዱእ አድርጎ ‹ልስገድና አየዋለሁ› ሲለኝ፣ ‹አይ፣ አሁን እይ› አልኩት። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ነው የተደገፈው።»

ሁለተኛው ድንጋጤ የመጣው ያኔ ነው። እኔ ራሴ ጠዋት ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ነበር የገባሁት። «ነጠላ ጫማ አድርጊ» ስላት በካልሲ ምንጣፉ ላይ ቆሜ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ክፍል ውስጥ ጫማ ያደረገ ሰው አይቼ አላውቅም። በሰፈሩ ሁሉ የምሰጠው ምክር እዚያ ቤት ጨርሶ ሊሠራ እንደማይችል አንድ አፍታ እንኳ አላሰብኩም። አፌ የለመደውን ተናገረ፣ እኔም ግዴታዬን የተወጣሁ መሰለኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ።

«አብሽሪ» አልኳት። «ያንቺ ጥፋት አይደለም።»

የማን ጥፋት እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። በሕይወቴ እውነት ተናግሬ እንደዚያን ዕለት የዋሸሁበት ጊዜ የለም። እሷም እንደ ማንኛውም የማጽናኛ ቃል ሰምታ አሳለፈችው፤ ራሷን ጉልበቷ ላይ ደፋች። ለመሸኘት እንኳ ቀና አላለችም።

በማግስቱ አርብ ረፋድ ላይ ስልኬ ጠራ። «ነቃ! ቴዲ፣ አባዬ ነቃ! አልሐምዱሊላህ!» እያለች ታለቅሳለች። እኔም አለቀስኩ። አሁን ደግሞ «ከነቁማ ምን መናገር ያስፈልጋል?» የሚል ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ሰው ራሱን ሲያድን እንዴት ጎበዝ እንደሆነ! ይህን ሁሉ እያሰብኩ ግን መሳቢያውን ከፍቼ ፓወር ሰፕላዩን በፌስታል ያዝኩ። ለምን እንደያዝኩት ዛሬም በትክክል አላውቅም።

ሆስፒታል የደረስኩት ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ሐያት መድኃኒት ልትገዛ ወርዳለች። ጋሽ ሰይድ ቀኝ እጃቸው እስከ ክርናቸው በፋሻ ተጠቅልሎ በጀርባቸው ተኝተዋል። ፊታቸው በአንድ ቀን አሥር ዓመት አርጅቷል።

«ቴዎድሮስ» አሉኝ በሰለለ ድምፅ። ቴዲ ብለውኝ አያውቁም። «አንተ ነህ አሉ ደረቴን የሰበርከው። አላህ ይስጥህ።»

ምስጋናቸውን መሸከም አቃተኝ። ፌስታሉን ፈትቼ ፓወር ሰፕላዩን አልጋቸው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ፣ ክዳኑን አንስቼ የተጨፈለቀውን ሽቦ አሳየኋቸው።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይሄ የኔ ሥራ ነው። እርስዎን የያዘዎት ይሄ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ሽቦውን የጨፈለቅኩት እኔ ነኝ።»

ብዙ አዩት። አናጺ አይደሉ? ነገር እንዴት እንደሚገጥምና እንዴት እንደማይገጥም ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ።

«ስትዘጋው እምቢ ሲልህ እጅህ ላይ ተሰምቶህ ነበር?»

ሊዋሽ የሚፈልግ አፍ ነበረኝ። «ተሰምቶኛል» አልኩ።

«እና ጫንከው።»

«ጫንኩት።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቢሰድቡኝ፣ በግራ እጃቸው በጥፊ ቢያጮሉኝ እንዴት በወደድኩ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ጠየቁኝ።

«እሷ ታውቃለች?»

«አልነገርኳትም።»

«ሌሊቱን ሙሉ ሰምቻታለሁ» አሉ። «እግሬን ይዛ ‹አባዬ፣ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ፣ የገደልኩህ እኔ ነኝ› ስትለኝ ነው ያደረችው። እሰማታለሁ። ‹ልጄ፣ አንቺ ምን አደረግሽኝ› ልላት እፈልጋለሁ፣ ምላሴ አልታዘዝልኝ አለ። ከመብራቱ ይልቅ ያቃጠለኝ እሱ ነው።» ዓይናቸውን ገለጡ። «ሂድ ንገራት። ሳትነግራት ተመልሰህ ወደዚህ ክፍል እንዳትገባ።»

ወጣሁ። ሐያት የመድኃኒት ከረጢቱን ይዛ በመተላለፊያው ስትመጣ አየኋት፤ ጋቢው አሁንም ትከሻዋ ላይ ነው። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላልኝ ነበር። ነገርኳት። ሽቦውን፣ ክዳኑን፣ ሙቀቱን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ነጠላ ጫማ ቢያደርጉም ባያደርጉም ያን ኮምፒዩተር ለሰው መስጠት እንዳልነበረብኝ ነገርኳት። ቆማ ሰማችኝ። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«መቼ ነው ያየኸው?»

«ምኑን?»

«ሽቦውን። መቼ ነው ከፍተህ ያየኸው?»

«ትናንት… አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ።»

ጋቢውን ወደ ታች አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ይሄን ከማምጣትህ በፊት ነው።»

«አዎ።»

«ያለበስከኝ ጊዜ ታውቅ ነበር።»

ጋቢውን ከትከሻዋ አወረደችና ክንዷ ላይ አደረገችው። አጠገቤ አልፋ ወደ አባቷ ክፍል ገባችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ይህ ከሆነ ከዓመት በላይ አልፎታል። ጋሽ ሰይድ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል፤ የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ግን ስለማይታጠፉ መጋዙን በግራ እጃቸው መሳብ ተምረዋል። ሐያት ቅዳሜ ማስረከብ አልቻለችም፤ ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔ የእነሱን ቤት ግራውንድ በባለሙያ አስቀበርኩ። ከዚያም ራሴ ተመዝግቤ የኤሌክትሪክ ሥራ ተማርኩ፤ ከሃያ ዓመት ልጆች ጋር የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ። አሁን ደንበኛ «ይነዝረኛል» ሲለኝ እቃውን ሱቄ አስቀርቼ ቤቱን ካላየሁ አልመልስለትም። «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ነካው» ብለው ወደ ሌላ የሄዱ ብዙ ናቸው። ይሂዱ።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ቤታችሁ ያለው ብረት ሲነካችሁ «ያው የተለመደው ነው» ብላችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ ባለሙያ ጥሩ። የተለመደውና ገዳዩ ሲጀምሩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ እኔ በቀን አምስቴ እየነዘረኝ መለየት አልቻልኩም። ግን ይህን ለመንገር ብቻ ቢሆን ሁለት መስመር ይበቃኝ ነበር። የጻፍኩት ስለ ሌላው ነው። ሽቦውን የጨፈለቅኩት ሳላውቅ ነው። ከሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አርብ ሰባት ሰዓት ያለውን ጊዜ ግን እያወቅኩ ነው ያሳለፍኩት። ለእኔ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አንዲት ልጅ ደግሞ ያን ሁሉ ሰዓት አባቷን የገደለች ሆና ነው የኖረችው፤ እኔ በአንድ ቃል ላስቆመው ስችል።

ባለፈው ረመዳን ከመግባቱ በፊት ቤታቸው ሄጄ ሁለቱንም ይቅርታ ጠየቅኩ። ጋሽ ሰይድ በግራ እጃቸው አንገቴን ይዘው ሳሙኝ። ሐያት ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ረጋ ብላ መለሰችልኝ።

«ለሽቦው አፉ ብዬሃለሁ።»

ስለ ቀረው ምንም አላለችም። እኔም አልጠየቅኳትም።